ማሽኑ እንኳ ፈርቶ ነበር

ስድስቱንም ያጠፋኋቸው በገዛ እጄ ነው። ያዘዘኝ የለም፤ ያጣደፈኝም የለም። ጥቅምት 2005 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስድስት ቦርዶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ያጠራቀሙትን የዝናብ መዝገብ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። አንዱን ለመሰረዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። መቶኛው ሲቆጠር እያየሁ ቡናዬን ፉት እላለሁ። አቦሉ ላይ የጀመርኩት በረካው ላይ አለቀ።

መዝገቡ ግን ምንም አልሆነም ነበር። አንዲት ባይት እንኳ አልተበላሸችም። ይህን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። በ2001 ዓ.ም. ከአገልግሎት የወጡ የቴሌኮም ቦርዶች በነፃ አገኘን። ፓወርፒሲ ፕሮሰሰር፣ 16 ሜጋባይት ፍላሽ፣ አንድ የኔትወርክ ቀዳዳ። ለዘመኑም ያረጁ ነበሩ፤ ለእኛ ግን ሲሳይ። ሊኑክስ ጫንንባቸው፣ ከዝናብ መለኪያ ጋር አገናኘናቸው፣ ከ2002 ክረምት በፊት ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ መንዝን፣ አንኮበርንና ደብረ ሲናን ጨምሮ ስድስት ቦታ ተከልናቸው። መለኪያው ቀላል ነገር ነው። ውስጡ አንዲት ትንሽ ጽዋ አለች፤ 0.2 ሚሊሜትር ዝናብ ሲሞላት ትገለበጣለች። ቦርዱ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠች ይቆጥርና በየሰዓቱ ቁጥሩን ፍላሹ ላይ ይጽፋል። እኛ በተከልንባቸው ቦታዎች ከዚያ በፊት ዝናብን በሰዓት በሰዓት የመዘገበ አልነበረም። የቀኑን ድምር በደብተር የሚጽፍ ሰው ያለበት አካባቢ አለ። ድልድይ የሚወስደው ጎርፍ ግን ከቀኑ ድምር አይመጣም፤ ከአንዷ ክፉ ሰዓት ነው የሚመጣው። እኛ የፈለግነው ያችን ሰዓት ነበር።

መዝገቡን ለመያዝ የመረጥኩት ጄኤፍኤፍኤስ2 የሚባለውን ፋይል ሲስተም ነው። ዛሬም ለዚያ ቦርድ ምረጥ ብባል እሱኑ እመርጣለሁ። ፍላሽ እንደ ሃርድ ዲስክ የፈለጉትን ቦታ ደልዞ እላዩ ላይ የሚጽፉበት ነገር አይደለም። አንዱን ቢት ወደ ዜሮ ማውረድ ይቻላል፤ መልሶ ወደ አንድ ለማንሳት ግን ሙሉውን ብሎክ ማጥፋት ግድ ነው፣ ብሎኩም የሚጠፋበት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ሳይደልዝ ወደፊት ብቻ እየጻፈ የሚሄድ፣ መብራት ድንገት ቢጠፋም የጻፈውን የማይጥል ዘዴ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ጄኤፍኤፍኤስ የሠራው የስዊድኑ አክሲስ ነው፤ ሁለተኛውን በ2001 እ.ኤ.አ. በሬድ ሃት የነበረው ዴቪድ ዉድሃውስ አሻሽሎ ጻፈው። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚጀምረው በአንድ መታወቂያ ቁጥር ነው፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1985። ፍላሹን የሚከፍተው የሊኑክሱ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ከዳር እስከ ዳር እየዞረ ይህችን 1985 ይፈልጋል። ካገኛት ጽሑፍ አለ ማለት ነው። ካጣት ቆሻሻ ነው ብሎ ያልፋል።

የእኔ መዘዝ የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው። 1985 በአንድ ባይት አይያዝም፤ ሁለት ይፈልጋል፣ 19 እና 85። የቱ ይቅደም? ፓወርፒሲ ትልቁን ያስቀድማል፤ 19 ከዚያ 85። ላፕቶፓችን ውስጥ ያለው ኢንቴል ትንሹን ያስቀድማል፤ 85 ከዚያ 19። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ለራሳቸው ምንም ግር አይላቸውም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲያነብ ግን 1985 የነበረው 8519 ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ ነገር እኛ ሩቅ መሄድ የለብንም። አሜሪካ የሚኖር ወንድሜ ባንክ ሲገባ የሚጠሩት በአያታችን ስም ነው። ፎርሙ ላይ ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ብሎ በደንብ ሞልቷል፤ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። የእነሱ አንባቢ ግን ሰውየው ያለው መጨረሻ ላይ ነው ብሎ ስለሚጀምር፣ ወንድሜ ቀርቶ አያቴ የባንክ ደንበኛ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ስሙ አልጠፋም። ከየትኛው ጫፍ እንደሚነበብ የሚናገር ነገር ነው ያልነበረው።

ጫፍ የሚለው ቃልም ከዚያው ነው። ዳኒ ኮኸን የሚባል የኮምፒውተር ሊቅ በሚያዝያ 1፣ 1980 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጣጥፍ ሁለቱን ወገኖች ቢግ ኤንዲያን እና ሊትል ኤንዲያን ብሎ ሰየማቸው። ከጆናታን ስዊፍት የ1726ቱ የጉሊቨር ጉዞዎች የወሰደው ነው፤ እዚያ የተቀቀለ እንቁላል በትልቁ ጫፍ ይሰበር በትንሹ በሚል ጦርነት ይካሄዳል። (እኛ ቤት እንቁላል በየትም ይሰበራል፤ ጠብ የሚነሳው በሽንኩርቱ ብዛት ነው።) የኮኸን አቤቱታ ባጭሩ፣ የትኛውም ይሁን ግን ተስማሙ የሚል ነበር። እኔ ያንን መጣጥፍ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንብቤዋለሁ። ፈተና ላይም መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

የመስክ ሠራተኛችን ጋሼ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ጥገና ያሳለፉ ሰው ናቸው። የመቅረጫውን ፕሮግራም የምጽፍ ሰሞን ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተጋርተን ነበር። ብርዱ እንቅልፍ ሲነሳቸው ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው አጠገቤ ይቀመጣሉ።

«ቁጥሩን እንዴት አድርገህ ነው የምታስቀምጠው?» አሉኝ አንድ ሌሊት።

«እንዳለ ነዋ ጋሼ። ማሽኑ ራሱ እንደያዘው እንዳለ ወደ ፋይሉ ይገለብጠዋል።»

«የሚያነበውስ?»

«ያው ራሱ ነው የሚያነበው።»

«አይ አንተ ልጅ! ለራሱ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሄደው ተኙ። ያን ሌሊት የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነበር፤ ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት ወደ ታወቀ ቅደም ተከተል የሚቀይር፣ የሲ ቋንቋ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ጥሪ። በኢንተርኔት ላይ የሚጓዝ እሽግ ሁሉ ርዕሱ በዚያ ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው። እኔ ግን ከኔትወርክ ጋር ምን አገናኘኝ አልኩ። የምጽፈው ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሹም ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ወዴት ይሄዳል?

የፋይል ሲስተሙም ነገር እንዲሁ ነው። ጄኤፍኤፍኤስ2 እንዳለ ከተዉት ቦርዱ በለመደው ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ሰዎቹ ግን ለሚያስብ በሩን ክፍት ትተዋል። ኮዱ ውስጥ ቁጥር ሁሉ በአንድ መቀየሪያ በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል፤ ሁልጊዜ በትልቁ ጫፍ ወይም ሁልጊዜ በትንሹ ይሁን ለማለት የምትቀየረው አንዲት መስመር ናት። እኛ ቦርዶቹን በተከልንበት ጊዜ ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ ወስነው ጨርሰዋል። ዩቢአይኤፍኤስ በ2008 እ.ኤ.አ. ከርነል ውስጥ ሲገባ በትንሹ ጫፍ ብሎ ነው። ስኳሽኤፍኤስ ቀድሞ ሁለቱንም ሲያስተናግድ ኖሮ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. አራተኛው እትም ላይ ትንሹ ጫፍ ብቻ ብሎ ቆረጠ። ዓለም በዚያው ሰሞን ሲነጋገርበት የነበረውን እኔ የማይመለከተኝ ወሬ አደረግሁት።

ሦስት ክረምት አለፈ። ጋሼ በየጊዜው እየሄዱ ባትሪ ይቀይራሉ፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ማለቷን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። በመስከረም 2005 መጨረሻ «አሁን ሰብስብልን» ተባልኩ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ መቅዳት ረጅም መሰለኝ። ለጋሼ፣ ላፕቶፑን ሰክተው የፍላሹን ክፍል እንዳለ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ እንደ አንድ ፋይል ገልብጠው እንዲያመጡ ነገርኳቸው፤ እዚህ ቢሮ እከፍተዋለሁ አልኩ። ያኔ ደብዳቤው ጸሐፊውን ትቶ መንገድ ጀመረ። ፋይል በፋይል ተቀድቶ ቢሆን ቢያንስ የፋይል ሲስተሙ ጣጣ እዚያው ቦርዱ ላይ ይቀር ነበር። ሰነፍኩ።

ጋሼ ስድስቱን ግልባጭ በአንድ ፍላሽ ዲስክ ይዘው መጡ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተሩ ላይ በማስታወሻ ውስጥ በተሠራ የይስሙላ ፍላሽ አስገብቼ ልከፍተው ስል፣ የማንበብና የመጻፍ ስህተት አለ የሚል አንድ መስመር መለሰልኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ስድስቱም ያንኑ ቃል።

ይህ መልእክት ሰውን ያሳስታል፣ አልክድም። ዕቃው የተሰበረ ነው የሚያስመስለው። ግን ስድስት ቦርድ በስድስት ተራራ ላይ፣ አንዱ በነጎድጓድ አንዱ በውርጭ፣ በአንድ ቀን በአንድ ዓይነት በሽታ ይሞታል? ላምና ዶሮ በአንድ ሌሊት ቢሞቱብህ ጎረቤት ትጠረጥራለህ እንጂ ዕድሜያቸው ደረሰ አትልም። እኔ አልኩ። ባትሪው እየወረደ እየወጣ ፍላሹን በልቶታል ብዬ ፈረድኩ፤ የሥራው ባለቤቶችም አመኑኝ።

አንድ ነገር ግን አይቼ ነበር። የከርነሉን መዝገብ ከፍቼ የመጨረሻዋን መስመር አነበብኩ። ፋይል ሲስተሙ አንድም የሚያውቀው ጽሑፍ ስላላገኘ፣ ፈሪ ሆኜ ብሎኮቹን አልሰርዝም ይላል። ቃሉ እንደዚያው ነው፤ የጻፉት ሰዎች ቀልደኞች ናቸው። ትርጉሙ ግን ቀልድ አልነበረም። ጄኤፍኤፍኤስ2 የማያውቀውን ነገር እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠርጎ ቦታውን ለአዲስ ጽሑፍ ማሰናዳት ልማዱ ነው። ሁሉም ነገር ቆሻሻ ሆኖ ሲታየው ግን ቆም ብሎ፣ ምናልባት ያልገባኝ እኔ ነኝ ይልና እጁን ይሰበስባል። እኔ የሥራ ባልደረቦቼን ጠርቼ መስመሯን አሳየኋቸው። «ማሽኑ ፈራ!» ብለን ተሳሳቅን። ከዚያ ወደ ላይ ማየት አላስፈለገኝም።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። ርካሽ የአርም ቦርዶች ገዛን። አሮጌዎቹ ተነቅለው መጡ፤ ከመወገዳቸው በፊት ይጽዱ ተባለ፤ ያቺን ቅዳሜ ቡናዬን እየጠጣሁ አጸዳኋቸው። ማሽኑ የፈራውን እኔ ደፈርኩት። ፍላሽ ዲስኩን አዲሱን ሶፍትዌር ለመጫን ፈለግሁት፤ ፎርማት አደረግሁት። ቦርዶቹን ሰኞ ቆራሌው ወሰዳቸው። ስንት እንደሰጠን አስታውሳለሁ፤ ባላስታውስ ይሻለኝ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. አንዲት ተለማማጅ መጣችልን። ስለ ፍላሽ እንድትማር የተበላሸ ግልባጭ ብናገኝላት ብዬ ለጋሼ በስልክ ሳነሳባቸው «እኔ ጋ የመንዙ አለች እኮ» አሉኝ። መንዝ ላይ የመጀመሪያው ቀን ፍላሽ ዲስኩ አልሰካ ብሏቸው በስልካቸው ሚሞሪ ካርድ ቀድተው ነበር። ኋላ ወደ ፍላሽ ዲስኩ ገለበጡት፤ ከካርዱ ላይ ግን አላጠፉትም። ምንም ነገር አያጠፉም፤ ስልካቸው ውስጥ የሰባት ዓመት የሰርግ ጥሪ አለ።

ልጅቷ ግልባጩን ለመክፈት ሞከረች፤ ያው የድሮው ስህተት ወጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሌላ ነገር እሠራለሁ። የከርነሉን መዝገብ ከላይ ጀምራ ታነብ ነበር፤ ከላይ፣ እንደ ሰው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ‹መታወቂያው የኋሊት ነው፣ ፋይል ሲስተሙ በሌላኛው ጫፍ የተጻፈ ይሆን?› የሚለው ምን ማለት ነው?»

ወንበሬን አዞርኩ። መስመሩ አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ከላይ እስከ ታች ተደጋግሟል። ዉድሃውስና ጓደኞቹ ይህን ቀን አስበውበት ኖሯል። ኮዱ ውስጥ 8519ን የሚያውቅ መስመር አለ፤ የሰጡት ስምም የ1985ቱ ስም ራሱ ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው ተገልብጦ የተጻፈ ነው። መልእክቱ በጥያቄ ምልክት ነው የሚያልቀው። ከሁለት ዓመት በፊትም እዚያው ነበረ። ስድስት ጊዜ ጠይቆኛል።

ፋይሉን በጥሬው ከፈትነው። ባይቶቹን ሁለት ሁለት አጣምሮ የሚያሳየው የተለመደው ትዕዛዝ 8519 0320 ብሎ ጀመረ፤ ላፕቶፑ በራሱ ጫፍ እያነበበ ነዋ። አንድ በአንድ እንዲያሳይ ሲታዘዝ 19 85 20 03። ሁለተኛው ቁጥር፣ 2003፣ ብሎኩ ንጹሕ ተሰርዞ የተዘጋጀ ነው የሚል ምልክት ነው፤ ከዘመን ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እኔ ግን ያጠፋሁት ሁለተኛው ክረምት 2003 ዓ.ም. ነበርና ቁጥሩን እያየሁ ለጊዜው መናገር አቃተኝ።

ጫፉን ገልብጦ የቼክ ድምሩንም አብሮ የሚያስተካክል መሣሪያ አለ። ከፍላሽ መገልገያዎቹ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ያኔም ኮምፒውተሬ ላይ ተጭኖ ነበር። ልጅቷ አንድ ትዕዛዝ ጻፈች፤ የመንዝ ሦስት ክረምት ደቂቃ ሳይሞላ ተከፈተ።

በዚህም አላበቃም፤ ያ መሣሪያ የሚገለብጠው የፋይል ሲስተሙን የራሱን ቁጥሮች ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የእኔ ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ሌሊት ያለ አንዲት መስመር የጻፍኩት።

«ኢንጂነር፣ ሐምሌ ላይ በአንድ ሰዓት 1,280 ሚሊሜትር ይላል።»

አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ጽዋዋ 6,400 ጊዜ ተገልብጣለች ማለት ነው። ሁለቱ ባይቶች ቦታ ሲለዋወጡ 6,400 የሚሆነው 25 ነው፤ 25 በ0.2 ሲባዛ 5 ሚሊሜትር። ደህና የሐምሌ ዝናብ። በጋው ሁሉ ግን ሳይነካ ትክክል ሆኖ ነው የወጣው፤ ዜሮ ከየትም ጫፍ ቢነበብ ዜሮ ነው። ጥር ላይ ብንሞክረው ኖሮ ሁሉም ደህና ነው ብለን እንዘጋው ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያስቀኛል፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

ዛሬ ወጣቶቹ ይህ ያለፈበት ጉዳይ ነው ይሉኛል። አርሙም ኢንቴሉም ሪስክ-ፋይቭም በትንሹ ጫፍ ነው የሚሠራው፤ ትልቁ ጫፍ ከገበያ እየወጣ ነው። እውነታቸውን ነው። ግን ያንን ክረምት የመዘገቡት እነዚያ ከገበያ የወጡት ነበሩ።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። መንዝ እንደተገኘ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው፣ አመሰገኑ፣ ልጅቷንም መረቁ።

«የአንኮበሩስ? የደብረ ሲናውስ?» አሉ።

«እነሱ የሉም ጋሼ።»

«እንዴ፣ ለአንተ ነው እኮ የሰጠሁት።»

«አዎ።»

እሳቸው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት የማጠቃለያውን ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ስድስት ጣቢያ፣ ሦስት ክረምት፤ ለአንድ ክረምት ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ በየሰዓቱ አንድ ቁጥር። የመንዙ ዓምድ ሞላ። ለአምስቱ በባለሙያዎቹ ልማድ መሠረት «መረጃ የለም» የሚል ትርጉም ያለውን 9999 ከመቀነስ ምልክት ጋር ማስገባት ነበረብኝ። ዘጠና ቀን በሃያ አራት ሰዓት በሦስት ክረምት በአምስት ጣቢያ፣ 32,400 ጊዜ። በእጅ አይሞላም፤ ፕሮግራም ጻፍኩለት። አንድ መስመር ነበር። ሰከንድ አልፈጀበትም።